መመሳጠር፦ በደሴ ለነጋዴዎችና ለግዥ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፣ የግዥ ሠራተኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የማነሳው አንድ ቃል ነው፤ መመሳጠር። ዜና ላይ ጆሯችን ለምዶታል፦ «ከኃላፊው ጋር በመመሳጠር»፣ «በጥቅም በመተሳሰር»። ምስጢር ከሚለው የወጣ ነው። አረባቡም እንደ መማከር፣ እንደ መነጋገር ነው፤ ለብቻ አይሆንም። ሰው ብቻውን ሊያሴር ይችላል፤ ብቻውን ግን አይመሳጠርም። ደግሞ «ተመሳጠርኩ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሚመሳጠሩት ሁልጊዜ እነሱ ናቸው።

እኛማ «ተረዳዳን» ነው የምንለው።

ፕሮፎርማን፣ ማለትም ሻጭ ዋጋውን ጽፎ የሚሰጠውን ወረቀት፣ እንይ። መሥሪያ ቤቱ የፕሪንተር ቀለም ሊገዛ የሦስት ድርጅት ዋጋ ይጠይቃል። አንዱ ሻጭ «እኔው አሟላልሃለሁ» ይላል። ጎረቤት ሱቅ ጎራ ብሎ «እስቲ ማህተም ምታልኝ» ይላል፤ ይመታለታል። ሦስቱ ወረቀት ሲቀርብ ማህተሙ ሦስት፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ ነው፤ «ፕሪንተር» የሚለውም ሦስቱም ላይ «ፕርንተር» ተብሎ ተጽፏል! ማህተም የመታው ሰው አምስት ሳንቲም ላያገኝ ይችላል። ነገ እሱም ያስመታል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። (ሻይ ግን አይቀርም።)

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን መረዳዳት አይለውም። ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ በጨረታ እንዳይመሳጠሩ፣ ገበያና ደንበኛ እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል። የግድ ውል መፈራረም አያስፈልግም፤ በቃል መስማማታቸው ይበቃል።

«ታዲያ መተባበር ሊቀር ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ቅሬያችንን፣ እድራችንን፣ ተመልከቱ። ገንዘቡ በአባላት ፊት ይቆጠራል፤ ያልከፈለም በአደባባይ ስሙ ይጠራል። ከማን ይደበቃል? በፕሮፎርማው ግን የምንስማማው ከፋዩ እንዳያውቅ ነው። ከፋዩ መሥሪያ ቤቱ ይባል እንጂ ገንዘቡ የግብር ነው፤ የኛው።

የግዥ ሠራተኞች፣ ልመና አለኝ። ፕሮፎርማ ሻጭ ሰብስቦ አያምጣላችሁ፤ እናንተው ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ ሰብስቡ። በደሴ ዳገት ሲሆን እንደሚያደክም አላጣሁትም። ነጋዴዎችም ማህተማችሁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉ፤ ጎረቤት ቢቀየም ይቀየም።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄያችሁ እንለፍ።