ጤዛው ይድረቅ፣ ፀሐዩም ሳይጠና

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

በዚህ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ የአበባ ወሬ ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ጠዋት ስወጣ «አበባ ማድረቅም ንግግር ያስፈልገዋል?» ብሎ ስቆብኛል። አልፈርድበትም፤ እኛ ማድረቅ የምናውቀው በርበሬና ቋንጣ ነው።

ያለነው በጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ሊቃውንቱ ማኅሌት ቆመው እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ያመሰግናሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በዚሁ ሰሞን ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ ውርጭ። 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን «ትንሽ ይቆይ፣ ለዓይን ያምራል» እያልን ያሳደርነውን ጽጌረዳ፣ ጠዋት ዳር ዳሩ ቡና መስሎ እናገኘዋለን። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ አትሳሱ፣ ቁረጡት።

መቼ? ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይጠና፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ። እምቡጡ ግማሽ ያህል ይከፈት። ጨርሶ የፈነዳው ሲደርቅ ይረግፋል፤ ጥብቅ ያለው ደግሞ መሃሉ እርጥብ እንደሆነ ይሻግታል። አምስት ቅጠል አንድ ላይ ከያዘችው ዘለላ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፤ አዲሱ ቀንበጥ ከዚያ ይወጣል። ለጋ ስለሆነ ማታ ማታ ጆንያ ጣል አድርጉበት።

ከዚያ ቅጠሉን አራግፉና ከአምስት እስከ ስምንት ዘንግ በክር አስራችሁ ቁልቁል ስቀሉት። ዘንጉ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ከቀናት በኋላ እስሩን አጥብቁ። ቦታው ደረቅ፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ጨለማም ይሁን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በብርሃን የሰየሟት ከተማ ልጆች ብንሆንም፣ ለምትደርቅ ጽጌረዳ ብርሃን ጠላቷ ነው፤ ቀለሟን ይበላዋል። እኔ መጀመሪያ ጨለማ ፍለጋ የሰቀልኳት ማጀት፣ ከምድጃው በላይ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያወረድኳት ጽጌረዳ የሸተተችው ጭስና ወጥ ነው! ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃታል፤ ስትነኳት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸች ደርቃለች። የረገፈውን ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፣ አገላብጡት። ፀረ ተባይ የተረጨ ከሆነ ግን ለሻይ አታስቡት።

ስለ ቀለሙ ዘወትር ትጠይቁኛላችሁ። ቀይ ፍቅር፣ ነጭ ንጽሕና፣ ሮዝ ምስጋና ይባላል። ይህን የአበባ ቋንቋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፉት አውሮፓውያን ናቸው። እነሱው ዘንድ ቢጫ ጽጌረዳ የቅናት ምልክት ነበር፤ በኋላ ወዳጅነት ሆነ። ለመሆኑ በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዛ በሩን ያንኳኳችን ልጅ «ቅናት አመጣችብኝ» የሚል ሸዌ አለ? ቢጫውን ያለ ስጋት ለወዳጅ ስጡ። ቀዩ ሲደርቅ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ለሙሽራ ያሰባችሁ ፈዘዝ ያለውን ቀይ ምረጡ፣ አለዚያ የሐዘን ልብስ ይመስልባችኋል። ነጩ የቅቤ መልክ ይይዛል። ሮዝና ቢጫው ብዙም አይከዱም።

ነጭ ካነሳሁ ቀጋን እንዴት ልርሳ? በየአጥሩና በየገደሉ አፋፍ ከአጋም ጋር ተጎራብታ የምትበቅለው ቀጋ እኮ ጽጌረዳ ናት፤ ያውም የራሳችን። የሳይንስ ስሟ ሳይቀር አቢሲኒያን ይጠራል። አበባዋ ስስ ነውና ተሰቅላ አትሆንም፤ ሰፌድ ላይ ነው የምትደርቀው። ትርጉሟን ማንም አልጻፈላትም። ለእኔ ከትምህርት ቤት መልስ ቀይ ፍሬዋን ስንለቅም የተቧጨረ እጅ ማለት ናት።

ይህች የያዝኳት እስር ካቻምና ጥቅምት የተቆረጠች ናት። ከፊት ጀምራችሁ ተቀባበሏት። አትጭመቋት፣ ትፈረፈራለች፤ ማሽተት ግን ትችላላችሁ። ይቺኛዋ ወጥ አትሸትም።