ሠንጠረዡ ላይ ያልተጻፈው

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ሳነበው ስለነበረ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ስለ ባንግላዴሽ ነው፣ ስለ መጠጥ ውሃቸው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንምታታ።

ነገሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የባንግላዴሽ ገጠር ድሮ የሚጠጣው ከኩሬና ከወንዝ ነበር። ተቅማጡና ኮሌራው ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከዩኒሴፍና ከሌሎች ረጂዎች ጋር ሆኖ የእጅ ፓምፕ ጉድጓድ አስፋፋ፤ በተለይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ። ቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይሰዳል፣ ከላይ ፓምፕ ይገጠምለታል፣ አለቀ። ርካሽ ነው። ውሃውም ኩልል ያለ ነው። ቆይቶ ሰዉ ራሱ በገንዘቡ ማስቆፈር ጀመረ። ጉድጓዶቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሆኑ።

ጣጣው ከሥር ነበር። ጋንጀስና ብራህማፑትራ የሚባሉት ወንዞች ከሂማላያ ተራሮች እየጠረጉ ያመጡት ደለል ውስጥ አርሰኒክ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። ከብረት ማዕድን ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ኦክስጅን በማይደርስበት፣ የበሰበሰ ዕፅዋት ባለበት ቦታ ባክቴሪያዎች ብረቱን ሲያሟሙት አርሰኒኩም አብሮ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ሽታ የለውም። ጣዕም የለውም። ብታፈሉት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ የቀረው ይበረታል። የሚጎዳውም ቀስ ብሎ ነው፣ ዓመታት ይፈጅበታል። ቆዳ ይዥጎረጎራል፣ መዳፍና ውስጥ እግር ይጠጥራል፣ ሲቆይ ደግሞ ካንሰር ያመጣል።

ይህን ሁሉ ታዲያ አንድ መደርደሪያ ላይ አታገኙትም። ሐኪሞቹ የጻፉት ጤና ክፍል ነው። ስለ ደለሉ ጂኦሎጂ ጋ ትሄዳላችሁ። በኋላ የማነሳላችሁ የፍርድ ቤት ክርክር ሕግ ክፍል አለ። በሽታው ይተላለፋል ተብላ የተገለለችው፣ ቆዳዋ ተበላሸ ተብላ ባሏ የፈታት ሴት ደግሞ ማኅበራዊ ጥናቶች ውስጥ ናት። በሽተኛዋ አንድ ሰው ናት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን አራት ቦታ ከፋፍሏታል። ቤተ መጻሕፍቱን አልወቅስም፣ መጽሐፍ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። ግን አንዱን መደርደሪያ ብቻ አንብቦ «ጉዳዩን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ያስፈራኛል።

አገር በአገር መደርደሩም የራሱ ችግር አለው። ካልካታ፣ ሕንድ ውስጥ፣ ኬ. ሲ. ሳሃ የሚባሉ የቆዳ ሐኪም ከ1983 ጀምሮ በአርሰኒክ የተመረዙ ሰዎችን ያክሙ ነበር። እስከ 1987 ድረስ ከባንግላዴሽ የመጡ በሽተኞችም አግኝተው ነበር። ባንግላዴሽ ራሷ ግን ጉድጓዶቿ ውስጥ አርሰኒክ መኖሩን ያረጋገጠችው በ1993 ነው። ውሃው ድንበር አያውቅም፤ ወረቀቱ ግን ድንበር ላይ ቆሞ ቀረ። «ባንግላዴሽ» ብላችሁ ብቻ ብትፈልጉ የሳሃን ሥራ ታልፉታላችሁ።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልምጣ። በ1992 የብሪታኒያ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የባንግላዴሽን የከርሰ ምድር ውሃ መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ብዙ ንጥረ ነገር ተለክቷል። ሠንጠረዡ ረጅም ነው። አርሰኒክ ግን የለበትም። አልተለካማ! ባለሙያዎቹ ቀጣፊዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የለኩት ልክ ነው። ሥራውም የመጠጥ ውሃ ማረጋገጫ ተብሎ የተሰጠ አልነበረም። በኋላ አንድ የታመመ ባንግላዴሻዊ እንግሊዝ አገር ከሰሰ። ጉዳዩ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ2006 ተፈረደበት፤ ሪፖርቱን ያዘጋጁት ሰዎች ለእሱ በሕግ የሚጠየቁበት ግዴታ የለም ተባለ። እንደ ሕግ ሳየው ይገባኛል። እያንዳንዱ ጥናት ላልጠየቀው ጥያቄ የሚከሰስ ከሆነ ማን ያጠናል? እንደ አንባቢ ግን አይዋጥልኝም። ረጅም ዝርዝር ያየ ሰው «ሁሉም ታይቷል» ብሎ ነው የሚያምነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ አገር የተጻፈ ሪፖርት ሳነሳ ማጠቃለያውን ወደ ጎን ትቼ መጀመሪያ የምከፍተው አባሪውን ነው። ምን ለኩ? ምን አልለኩም? ገንዘቡን የከፈለው ምን ጠይቆ ነው? አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም።

የለኩት ራሱ ጉድ አለው። ከ1998 ጀምሮ ያው ተቋም ከባንግላዴሽ መንግሥት ጋር ሰፊ ጥናት አደረገ። ጥልቀት ከሌላቸው ጉድጓዶች 27 በመቶው በሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ተገኘባቸው። 50 የባንግላዴሽ ወሰን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን 10 ነው። በ10 ከለካችሁት 27 በመቶው ወደ 46 ይወጣል። ያው ጉድጓድ፣ ያው ውሃ! ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ ተበክሏል» የሚል ስታነቡ በየትኛው ወሰን እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ቀለም መጣ። ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች ተመርምረው ንጹሑ አረንጓዴ፣ የተበከለው ቀይ ተቀባ። ቀይ የተቀቡት 1.4 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ማንበብ የማይችልም ይገባዋል። ግን ቀለም ይለቃል። አዳዲስ ጉድጓድም ሳይመረመር መቆፈሩ አልቀረም።

መፍትሔው የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። ከ150 ሜትር በታች የሚወርዱ ጥልቅ ጉድጓዶች በአብዛኛው ንጹሕ ናቸው። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ባወጣው ሪፖርት ግን በመንግሥት ገንዘብ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በፖለቲከኞች ደጋፊዎችና ዘመዶች ግቢ እየተተከሉ ነው አለ። በዚያን ጊዜ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ገና የተመረዘ ውሃ ይጠጣ ነበር። ኬሚስትሪው ተፈትቶ፣ ጥያቄው ፓምፑ በማን ግቢ ይተከል የሚል ሆነ። ይህን ደግሞ የትኛውም የውሃ ሠንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

ስለ ሩዙ አላነሳሁም። በዚያው ውሃ የሚለማ ሩዝ አርሰኒክ ይስባል፤ እሱ እርሻ ክፍል ነው፣ ገና እያነበብኩ ነው። በሚቀጥለው እናወራዋለን። ቸር ሰንብቱ።