የደረሰኙ ጀርባ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለሐምሌ 21፣ ለዓለም የሄፓታይተስ ቀን አደረሳችሁ። አዘጋጆቹ «በአምስት ደቂቃ የምስጋና ቃል ያሰሙን» ብለውኛል። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው በአምስት ደቂቃ ስም ጠርቶም አይጨርስ!

በ2008 ዓ.ም. ሄፓታይተስ ሲ፣ ማለት ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ አለብህ የሚል ወረቀት ይዤ አንድ ሐኪም ፊት ተቀመጥኩ። «መድኃኒት አለው?» አልኳቸው። «አለው፣ አሜሪካ» አሉኝ። አንዷ ክኒን 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ 84,000 ዶላር። ከት ብዬ ሳቅኩ። ደንግጠው ውኃ አስመጡልኝ። ጡረታዬን ዓመት ሙሉ ሳልነካ ባጠራቅም አንዲቷን ክኒን አይገዛልኝም ነበር።

እየሳቅኩ ስወጣ ተራ የሚጠብቅ የሚኒባስ ሾፌር «ጋሼ፣ ምን አሳቀዎት?» አለኝ። ዛሬም እዚሁ አለ፤ ስሜን እንዳትጠራ ብሎኛል። ነገርኩት። ከደረት ኪሱ የነዳጅ ደረሰኝ አወጣና በጀርባው የሁለት መድኃኒት ስም ጻፈልኝ፦ ሶፎስቡቪር፣ ዳክላታስቪር። «የአሜሪካው መድኃኒት አምራች ጊልያድ በመስከረም 2007 ሶፎስቡቪርን ህንዶች ሠርተው ለ91 አገሮች እንዲሸጡ ፈቅዷል፤ የእኛም ስም አለበት። የግብፅ መንግሥት የወሩን በ300 ዶላር ተዋውሏል» አለኝ። ይህን ሁሉ መሪ ጨብጦ ሲውል ነው ያጠናው!

የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሾፌር ያወቀውን አንድ ገጽ ወረቀት ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ እንዴት ጠፋ? ይባስ ብሎ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ «የህንድ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጉበትዎን ይጨርሰዋል» አለኝ። እስቲ የግፊት መድኃኒታችሁን ካርቶን ገልብጣችሁ እዩት! የት ተሠራ ይላል? ለግፊት ሲሆን መድኃኒት፣ ለጉበት ሲሆን መርዝ? የሐሰተኛ መድኃኒት ስጋት እውነት ነው፤ ለዚህ መፍትሔው የተመዘገበውን ከታወቀ ቦታ መግዛት እንጂ ሕመምተኛን አስፈራርቶ ወደ ቤቱ መስደድ አይደለም። ስንቱ በዚያች ቃል ተመልሶ ሄዶ ቀረ!

እኔ ግን የህንዱን መድኃኒት 84 ቀን ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ለመጨረሻው ምርመራ ሌላ 12 ሳምንት መጠበቅ አለ፤ እሱን ያሳለፈችኝ በየማታው ከደሴ የምትደውልልኝ እኅታችን ናት። ገና ሳልጀምር «ሄፓታይተስ ቢንም ይመርመሩ፤ ሲው ሲለቅ የተኛው ቢ ሊነሣ ይችላል» ያለችኝም እሷው ናት። ምስጋናዬ ይድረሳት።

ለጉዞ ተመርምራችሁ ወደ ዓረብ አገር ለምትሄዱ ልጆች ደግሞ፦ ፀረ እንግዳ አካሉ፣ ማለት ሰውነት ቫይረሱን ሊዋጋ የሚሠራው መከላከያ፣ ከዳናችሁም በኋላ በደም ውስጥ ይቀራል። ወረቀቱ «አለ» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ቫይረሱን ራሱን የሚለካውን ምርመራ ጠይቁ።

ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ደረሰኙ ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ፤ ቀለሙ ግን ለቋል። ሾፌሩ ልጄ፣ በሻይ ሰዓት እባክህ በአዲስ ወረቀት ጻፍልኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች የመድኃኒቶቹን ስም ገና ስገባ ጠይቀውኛል።