«ሥራ፦ የግል»
በሥራ ጤናና በመከላከል ሕክምና የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሐኪም) ሥልጠና ላይ ጅማ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ሬዚደንቶች፣ የጤና ባለሙያዎችና እንግዶች፤

ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ አንድ ጎልማሳ በኅዳር ወር በሳልና በትንፋሽ ማጠር ተመላላሽ ክፍል መጣ። አክታው ለቲቢ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፤ ራጁም የሚያሳስብ ነገር አላሳየም፤ አስም ነው ብለን መድኃኒት ሰጥተን ሸኘነው። በታኅሣሥና በጥር ተመላለሰ፤ ከመጋቢት በኋላ ሲቀር ግን ዳነ ብለን ረሳነው። በቀጣዩ ኅዳር ያንኑ ሳል ይዞ ብቅ ሲል፣ አንዲት ነርስ ኮሌታው ላይ የተጣበቀውን የገለባ ብናኝ አይታ «ቡና መቀሸሪያ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለችው። ለካ ጀንፈል፣ ማለትም ገለባው ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ወደ መቀሸሪያው የሚገባው፣ አቧራውም የሚነሣው በእነዚያ ወራት ነው። ካርዱ ላይ «ሥራ» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው «የግል» የሚል ብቻ ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታዎች የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1700 ሲያሳትም፣ ሐኪም ከጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ በሽተኛውን በሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የምትለውን ጨምሯል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሥልጠና በአጭሩ ይህችን ጥያቄ እስከ መጨረሻዋ የሚከተል ሐኪም ማፍራት ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የመከላከል ሕክምና ቦርድ የሥራና የአካባቢ ሕክምናን፣ የበረራና የኅዋ ሕክምናን፣ እንዲሁም የሕዝብ ጤናና አጠቃላይ የመከላከል ሕክምናን በአንድ ጥላ ሥር ይዟል። ሠልጣኙ በሽተኛ በማከም ከሚያሳልፈው የክሊኒክ ዓመት በኋላ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭትና መንስኤ ጥናት) እና ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) እየተማረ በሥራ ቦታዎች ይለማመዳል። ይህን እንዳለ ገልብጠን እናምጣው አልልም፤ የእኛ ሠራተኛ አብዛኛው የኩባንያ ሐኪም ቀርቶ የቅጥር ደብዳቤም የለውም። ጅማ ግን የራሷ መነሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህ ልማድ አልቀረም። ሐኪሙ፣ የቡና ባለሙያውና መሐንዲሱ በአንድ ተቋም ውስጥ ያሉበት ከተማ ብዙ አይደለም።

መሐንዲሱን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። በዚህ ሙያ ሕግ መሠረት በቅድሚያ አደጋውን ከምንጩ ማጥፋት፣ ካልተቻለ አነስተኛ ጉዳት ባለው መተካት፣ ቀጥሎ ማሽኑን መክደንና አቧራውን መሳብ፣ ከዚያም የሥራ ሰዓትን ማስተካከል ይታሰባል፤ ማስክ የሁሉም መጨረሻ ነው። እኛ ግን ማስክ አድለን፣ ፎቶ ተነሥተን መመለስ ይቀናናል።

ሌላው ጉዳይ ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ላይ አደጋ ጋር አብሮ ይደነግጋል፤ የአካል ጉዳት መጠንን የሚወስነውም የሐኪሞች ቦርድ ነው። የተቆረጠ ጣት ለቦርድ አባል አያስቸግርም። አሥር ዓመት አቧራ የጠጣ ሳንባ ግን ከሥራው ይሁን ከሲጋራው ለመለየት፣ የሥራ ታሪክ መውሰድና ስፓይሮሜትር፣ ማለትም የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ፣ ማንበብ የለመደ ሐኪም ይጠይቃል፤ እርሱ ከሌለ ካሳው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሥልጠናው እዚህ ሲጀመር፣ እያንዳንዱ ሬዚደንት አንድ ሙሉ የቡና ወቅት ከአንድ መቀሸሪያ ጋር እንዲያሳልፍ እጠይቃለሁ። ጀንፈሉ ከመግባቱ በፊት የሠራተኞቹን ትንፋሽ ይለካ፤ በወቅቱ መካከል ይድገም፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላም ተመልሶ ይለካ። «በዕረፍት ቀንህ ይሻልሃል?» ብሎ መጠየቅንም እዚያው ይልመድ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚጠርቡት አናጢዎቻችን ዘንድም ጎራ ቢል ደስ ይለኛል፤ የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀ ነው።

የካርድ ክፍል ኃላፊዎች በአዳራሹ ካላችሁ፣ ለእናንተም አንዲት ልመና አለችኝ፤ «ሥራ» ከሚለው ሥር ሁለት ባዶ መስመር ጨምሩልን።

አመሰግናለሁ።