የሰንሩፍ መስታወት ለማስቀየር ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ስለ ሰንሩፍ፣ ማለትም ስለ መኪና ጣሪያ መስታወት፣ የሚደወሉ ስልኮች ይበዛሉ። ዛሬ የምንመልሰው ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ደውላችሁ የጠየቃችሁንን ነው። አብዛኞቻችሁ «ስንት ይፈጃል?» ነው ያላችሁት። ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ብዙ ነገር አለ። ሰንሩፍ ላይ ቀላሉ ሥራ መስታወቱን ማስቀመጥ ነው። ሰው ሁለተኛ ጊዜ ወጪ የሚያወጣው በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ሥራ ነው፤ በውሃ መውረጃው፣ መስታወቱ በሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ በኮላው።

ከለገጣፎ፦ «መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ የሰንሩፉ መስታወት ፈንድቶ ረገፈ። አንድ ባለሙያ በስልክ ዋጋ ነገረኝና ‹ቀብድ ላክ፣ ነገ አምጣው› አለኝ። ልላክለት?»

ገና አይላኩ። መኪናውን ሳያይ፣ የሻንሲ ቁጥሩን እንኳ ሳይጠይቅ ዋጋ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚገጥምልዎ ራሱም ገና አላወቀም።

መጀመሪያ የትኛው መስታወት እንደተሰበረ ተነጋገሩ። የሚከፈተው መስታወት አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የታሰረ ነው። ፈትቶ ማሰሩ ለሚያውቅ ሰው ከባድ አይደለም። የማይከፈተው ግን ከጣሪያው ጋር በኮላ የተጣበቀ ነው። አሮጌው ኮላ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይጸዳል፣ ኮላው እንዲይዝ የሚረዳ ፕራይመር ይቀባል፣ አዲስ ኮላ ይፈስሳል፣ ከዚያ እስኪይዝ ይጠበቃል። ፓኖራሚክ የሚባለው ሰፊ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይዟል፤ የፊቱ ይከፈታል፣ የኋላው ቋሚ ነው። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ስለሆኑ ዋጋቸውም አንድ ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የመስታወቱ ዓይነት ነው። እንደ በቆሎ ፍሬ ተበታትኖ ከረገፈ ቴምፐርድ ነው። ተሰነጣጥቆ ግን ተያይዞ ከቀረ ላሚኔትድ ነው፤ በሁለት መስታወት መካከል ፕላስቲክ አለው። መኪናው ከፋብሪካ ላሚኔትድ ይዞ ከወጣ በላሚኔትድ ይተካ። ስብርባሪው ላይ ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ካገኙ እንዳይጥሉት። ፎቶ አንስተው ለባለሙያው ይላኩለት። የመስታወቱ አምራችና ዓይነት እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርም ይስጡት። በአብዛኞቹ መኪኖች 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ በቀጥታ ከጃፓን ገበያ የመጡት ግን አጠር ያለ ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ለቻይና ሌላው ለገልፍ ገበያ ከተሠሩ፣ ጣሪያቸው ሊለያይ ይችላል። «ሞዴሉን ንገረኝ፣ ይበቃኛል» የሚልዎትን አይመኑ።

ያገለገለ ዕቃ ከሶማሌ ተራ ላምጣ ካለዎት እኔ አልቃወምም። አዲሱ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ጥሩ ያገለገለ መስታወትም ይገኛል። ነገር ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በዓይንዎ ይዩት። ጠርዙን በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱት። ቴምፐርድ መስታወት ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተነካካ ዛሬ ባይሆን ነገ ሊፈነዳ ይችላል። ከሥሩ ያለው የብረት ማሰሪያ አለመጣመሙን፣ ጎማው አለመድረቁን ይመልከቱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ጎማ ቶሎ ያደርቃል። ስለዚህ «መስታወቱ ከነጎማው ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ሦስት ነገር በጽሑፍ ሲሰጥዎ ይክፈሉ፦ ዕቃው የሚመጣበት ቀን፣ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት፣ መስታወቱ በመንገድ ወይም ሲገጠም ቢሰበር ኪሳራው የማን እንደሆነ። የመጨረሻዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ግን በእሷ ነው።

ከሰበታ፣ አንዲት እናት፦ «መስታወቱን በጥር አስቀየርኩ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር የጣሪያው ጨርቅ ረጠበ፣ እግር ሥር ያለው ሞኬትም ውሃ ቋጠረ። ባለሙያው ‹ዙሪያውን ሲልከን ልቀባልዎ› ይለኛል። ላስቀባው?»

አያስቀቡት፣ እናቴ። ይህን ጥያቄ ስላነሱልኝም ደስ ብሎኛል፤ ብዙ መኪና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የሰንሩፍ ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ የተሠራ አይደለም። ጥቂት ውሃ ማለፉ የታወቀ ነው። ያ ውሃ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ቦይ ውስጥ ይወርዳል። ከቦዩ ማዕዘኖች ደግሞ ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ። በብዙ መኪኖች አራት ናቸው። ሁለቱ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባለው ምሰሶ፣ ሁለቱ በኋላ በኩል ወርደው ውሃውን ከመኪናው ሥር ያፈስሱታል። ሰንሩፉ ጤነኛ የሚሆነው ቱቦዎቹ ክፍት ሲሆኑ ነው።

የእርስዎ መኪና ላይ የሆነው ምን ሊሆን ይችላል? አሮጌው መስታወት ሲረግፍ ፍርፋሪው ሐዲዱና ቦዩ ውስጥ ይገባል። በደንብ በቫክዩም ካልተለቀመ ወደ ቱቦው አፍ ይሰበሰባል። ከዚያ የፒስታው አቧራ ይጨመርበታል። በጋውን ሙሉ ምንም አይታይም። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ይሞላል፣ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ጨርቁ ላይ ይፈስሳል። ሌላው ምክንያት ጨርቁ ሲወርድና ሲመለስ ቱቦው ከመገጣጠሚያው ወልቆ መቅረቱ ነው። ሲልከን ሁለቱንም አያክምም። ጭራሽ መስታወቱን ያጣብቀውና አይከፈትም፣ ወይም ሲከፈት ጎማውን ይገነጥላል። የኤሌክትሪክ ሞተሩም አብሮ ይጎዳል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሰንሩፉን ከፍተው ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ በአንዱ የቦይ ማዕዘን ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ሌላ ሰው ከመኪናው ሥር ይመልከት። ውሃው ወዲያው መውጣት አለበት። እያንዳንዱን ማዕዘን ለየብቻ ይሞክሩ። አንዱ ካልወጣ ችግሩ እዚያ ነው። ቱቦው ተደፍኖ ከሆነ በኮምፕረሰር ኃይለኛ አየር አያስነፉበት፤ ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ ሊያወልቀው ይችላል። ጠንካራ ሽቦም ቱቦውን ይበሳዋል። ለስላሳና ተጣጣፊ ነገር ቀስ ብሎ ማሳለፍ፣ ከተቻለም ከታች በኩል መሳብ ይሻላል።

ሞኬቱን በአስቸኳይ አስነስተው ያስደርቁት። በብዙ መኪኖች ከሥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦና ሶኬት ያልፋል። ሽታው ብቻ አይደለም፣ ሽቦው ከዛገ መኪናው ምክንያቱ የማይታወቅ ብልሽት ውስጥ ይገባል።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ ከሰበታዋ እናት ጥያቄ የምንወስደው አለ። በጥር የሚሠራ ሰንሩፍ የአንድ ወር ዋስትና ቢሰጠው ምን ይጠቅማል? ዝናብ የለም። ቀጠሮ ስትይዙ «ዋስትናው ክረምቱን ያካትታል?» በሉ። በበጋ የሚሠራ ከሆነ ቢያንስ እስከ መስከረም መጨረሻ ይድረስ። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊትም የውሃ ፍተሻው እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ይደረግ። በሥራው የሚተማመን ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ከቡራዩ፦ «መስታወቱ ውድ ሆነብኝ። ቦታው ላይ ላሜራ ባስበይድ ወይም ፕላስቲክ ባስገጥምስ?»

የኑሮው ነገር ይገባኛል። ሆኖም ብየዳው ቀለሙን ያቃጥላል፣ ዙሪያውን ዝገት ያስነሳል። በጣሪያው ጠርዝ ያሉ የጎን ኤርባጎች ላላቸው መኪኖች ደግሞ እሳቱ አደጋ ነው። ፕላስቲኩ በፀሐይ ይጣመማል፣ ውሃውንም ወደ ቦዩ በትክክል አይመራም። መኪናውን የሚሸጡ ቀንም ገዢው ያንን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል። ጥሩ ያገለገለ መስታወት ፈልገው ቢጠብቁ ይሻላል። «ሌላ መስታወት ቆርጬ ላስተካክልልዎ» የሚል ካጋጠመዎትም እሺ አይበሉ። ቴምፐርድ ከተመረተ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። የሚቆረጥ ከሆነ ተራ የመስኮት መስታወት ሊሆን ይችላል። እሱ ሲሰበር ስለት ሆኖ ራስዎ ላይ ይወርዳል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «መኪናዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ አይዲ ፎር። የማይከፈተው የጣሪያ መስታወት ተሰነጠቀ። ቤት ድረስ መጥተው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ እንሠራለን ይሉኛል። ይሆናል?»

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ያላቸው መኪኖች በከተማው በዝተዋል። ስለዚህ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ነው።

በብሎን የሚታሰር መስታወት ቢሆን ግቢ ውስጥ ይሠራ እልዎ ነበር። የእርስዎ ግን በኮላ የሚያዝ ነው። ኮላ የሚፈስበት ጠርዝ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። ክፍት ግቢ ውስጥ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ ያለው ቦታ ይምረጡ። መስታወቱ ሰፊና ከባድ ነው፤ «ስንት ሰው ነው የሚያነሳው?» ይበሉ። ብቻዬን እችላለሁ የሚል ካለ አይስማሙ።

ስለ ኮላው በደንብ ይጠይቁ። ለመኪና መስታወት የተሠራ ፖሊዩሬቴን መሆን አለበት። የመታጠቢያ ቤት ሲልከን አይሆንም። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ያንብቡ። ይህ ኮላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው። ብርድና ደረቅ አየር ያዘገየዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማታው ሲቀዘቅዝ፣ አየሩም ሲደርቅ፣ ከሌላው ጊዜ ረዘም ያለ ሰዓት ይፈልጋል። ከስንት ሰዓት በኋላ መንዳት እንደሚቻል አምራቹ ይጽፋል፤ እንደ ኮላው ዓይነት ከአንድ ሰዓት ካነሰ ጊዜ እስከ አንድ ሙሉ ቀን ይደርሳል። «ተጣብቋል፣ ይንዱት» የሚለውን አፍ ሳይሆን ማሸጊያውን ይመኑ። ጠንክሮ እስኪያልቅ ድረስም ላቫጆ አያስገቡት፣ በሩንም በኃይል አይዝጉ። መስኮቶቹ ተዘግተው በር ሲደበደብ ውስጥ ያለው አየር መስታወቱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከገላን፦ «ካስቀየርኩ በኋላ ስዘጋው ይዘጋና ተመልሶ ይከፈታል። ስነዳም ያፏጫል።»

ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚስተካከሉ ናቸው። ተመልሶ መከፈቱ ጣት እንዳይቆነጥጥ የተሠራው መከላከያ ነው። የሰንሩፉ ሞተር የመስታወቱን ቦታ እንደ አዲስ መማር አለበት። በብዙ መኪኖች ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ይሠራል፤ በአንዳንዶቹ ኮምፒውተር ይፈልጋል። አካሄዱ በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ከዚያ በኋላም ካልተስተካከለ ሐዲዱ ላይ የቀረ ስብርባሪ ይፈለግ። ፉጨቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መስታወቱ ከጣሪያው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሲገጠም ነው። የመስታወቱ የፊት ጠርዝ ከጣሪያው ጋር እኩል ወይም በጣም በጥቂቱ ዝቅ ማለት፣ የኋላው ደግሞ እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ማለት አለበት። ይህ በብሎኖቹ ይስተካከላል። የሥራው አካል ስለሆነ ተጨማሪ አይከፈልበትም ባይ ነኝ።

ከኮዬ ፈጬ፦ «የሰንሩፉን መስታወት ጠጠር መታውና ትንሽ ሸረፈው። የፊት መስታወት እንደሚሞላው ይሞላል?»

ላሚኔትድ ከሆነ ሊሞላ ይችላል፣ ያሳዩት። ቴምፐርድ ከሆነ አይሞላም፣ መቀየር ነው። እስኪቀየር ድረስ ፀሐይ ያጋለው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያስደፉበት።

ከሱሉልታ፦ «ኢንሹራንሱ ይከፍላል?»

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የራስዎን መስታወት አይመለከትም። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ውሉን አውጥተው ስለ መስታወት የሚለውን ያንብቡ። ከራስዎ የሚቀነሰው ድርሻ ስንት እንደሆነም ይዩ። ከመስታወቱ ዋጋ የማይርቅ ከሆነ ድካም ብቻ ነው። ዋናው ነገር መኪናውን ሳያስነኩ መጀመሪያ ለድርጅቱ ማሳወቅ ነው። ከተሠራ በኋላ ማመልከት ብዙ ጊዜ ክርክር ያመጣል።

ከዱከም፦ «የሰንሩፌ መስታወት ተሰብሯል። ዕቃው እስኪመጣ በየቀኑ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። እስከዚያ ምን ላድርግ?»

ከቻሉ አይንዱት። ግድ ከሆነ የፍጥነት መንገዱን ትተው በቀስታ ይሂዱ። በፍጥነት ሲነዱ ነፋሱ ከላይ ይስባል፣ የቀረው ስብርባሪ ኋላዎ ያለው ሰው ላይ ሊበር ይችላል። ጓንት አድርገው የላላውን ያንሱ፣ ወንበሩንና የሕፃን መቀመጫ ካለ እሱንም በቫክዩም ያስጠርጉ። የሰንሩፉን ቁልፍ አይንኩ፤ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ስብርባሪው ሐዲዱን ይቦጭረዋል። ወፍራም ላስቲክ ጣሪያው ላይ ዘርግተው ጫፎቹን በሮቹ ውስጥ አስገብተው ይዝጉባቸው። ፕላስተር ቀለሙ ላይ አይለጥፉ፣ ፀሐይ ሲመታው ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ላስቲኩ ለቆመ መኪና ነው። ሊነዱ ሲሉ እንዳይገለበጥ በጥብቅ መያዙን ያረጋግጡ፤ ካልያዘ አንስተውት ይሂዱ።