ሰማያዊው ሹራብ፦ በአዲሷ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍል ኃላፊ አቀባበል ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣ የተከበራችሁ ዲኖችና መምህራን፣ ከፖሊስ፣ ከዐቃቤ ሕግ፣ ከፍርድ ቤትና ከማረሚያ ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነው። የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበርኩና፣ የትምህርት ክፍላችንን እንዲመሩ የቀጠርናቸውን ፕሮፌሰር ላስተዋውቃችሁ ነው። እንደ ወጉ ቢሆን ሲቪያቸውን ማንበብ ነበረብኝ። አላነብም። ረጅም ነው፣ ምሳችሁም ይቀዘቅዛል። ከዚያ ይልቅ እንዴት እንደመረጥናቸው ልንገራችሁ።

ከሹራቡ ልጀምር።

የመጨረሻው ዙር ላይ የደረሱ ተወዳዳሪዎች በሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ ጠይቀን ነበር። ተማሪዎች ከፊት፣ ኮሚቴው ከኋላ ተቀምጠናል። ፕሮፌሰሯ ገቡና ስለ ማስረጃ ምዘና ማስረዳት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። አንድ ወጣት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ላፕቶፕ አነሳ። «ይቅርታ፣ ለጥገና ነው» አለና ይዞት ወጣ። እሳቸው ምንም አላሉም። ትምህርቱን ቀጠሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድንገት ቆም አሉና ወረቀት አውጡ አሉን። «ላፕቶፔን የወሰደው ሰው ምን ይመስላል? ምን ለብሷል? ጻፉልኝ። ኮሚቴውም ጭምር።»

እኔ ወደ ማስተማር ከመምጣቴ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። የስንቱን ምስክር ቃል አሰምቻለሁ። እናም ሳላመነታ ጻፍኩ፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ። ልጁ ተመልሶ ገባ። ቁመቱ መካከለኛ ነው። የለበሰው ቡኒ ጃኬት ነው። ሹራብ የሚባል ነገር የለም። ሰማያዊ የነበረው ትከሻው ላይ ያንጠለጠለው ቦርሳ ነው። ጭንቅላቴ ቀለሙን ከቦርሳው አንስቶ ሹራብ ሠርቶበታል።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ሳቁ ጠፋ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብለው የማሉልኝ ምስክሮች አንድ በአንድ ይመጡብኝ ጀመር።

ዘዴው የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ውስጥ ፍራንዝ ፎን ሊስት የተባለው የሕግ ፕሮፌሰር በተማሪዎቹ ፊት የውሸት ጠብ አስነስቶ፣ ሽጉጥ እስከ ማውጣት አድርሶት ነበር። ከዚያ ያያችሁትን ተናገሩ ሲላቸው ቃላቸው በስሕተት የተሞላ ሆነ። እኛ ብንስቅም ነገሩ ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ መሆናቸው ከተረጋገጠ እስረኞች መካከል የብዙዎቹ ፋይል ሲገለጥ የተሳሳተ የዓይን ምስክር ይገኝበታል። ከነዚያ ምስክሮች አብዛኞቹ ውሸታሞች አልነበሩም። ልክ እንደኔ እርግጠኞች ነበሩ።

(ላፕቶፑ ተመልሷል። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን እንዳይጨነቁ።)

አሁን ወደ ኮሚቴው ጭቅጭቅ ልግባ። ጭቅጭቅ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ግማሾቻችን «ይህን ክፍል የሚመራ ሰው ሥራውን በእጁ የነካ መሆን አለበት» አልን። ፖሊስ ጣቢያ ያደረ፣ ችሎት የቆመ፣ የማረሚያ ቤት በር ከውስጥም ከውጭም የሚያውቅ። ሌሎቹ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠኛ ካምፕ አይደለም፣ ተመራማሪ ነው የምንፈልገው» አሉ። ቡናው አለቀ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ይህ ክርክር ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የወንጀል ፍትሕ ትምህርት አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገባው በጓሮ በር ነው። በሩን የከፈተው ኦገስት ቮልመር ይባላል። በርክሊ የምትባል ከተማ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ከዚያ በፊት ፖስታ አዳይ ነበር፤ ራሱ ብዙ ትምህርት ቤት አልገባም። ግን ፖሊስ መማር አለበት ብሎ ድርቅ አለ። በ1916 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የክረምት ኮርስ አስጀመረ። በኋላ እዚያው ፕሮፌሰር እስከ መሆን ደረሰ። ሚሺጋን ስቴት የተባለው ኮሌጅ በ1935 የፖሊስ አስተዳደር ትምህርት ከፈተ። በ1968 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባለው የኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የዶክትሬት ትምህርት ተጀመረ።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። በ1967 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ያቋቋመው የወንጀል ጉዳይ ኮሚሽን ፖሊሶች የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖራቸው መከረ። በዓመቱ ሕግ ወጣ። መንግሥት ለፖሊሶች የትምህርት ብድርና ድጎማ ይሰጥ ጀመር። ኮሌጆች ብሩን ሲያዩ ትምህርት ክፍል በትምህርት ክፍል ላይ ከፈቱ። አስተማሪ ከየት ይምጣ? ጡረታ የወጣ መኮንን ተጠራ። ብዙ ቦታ ትምህርቱ ተረት ሆነ። «እኔ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሌባ ያዝን» እየተባለ ሰዓቱ ያልቃል። ልብ በሉ፣ እኔ ራሴ ከጡረተኛ መኮንኖች ብዙ ተምሬያለሁ። ሆኖም ተረት ጥሩ የሚሆነው አንድ ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅበት ነው።

በ1978 ይህን የፖሊስ ትምህርት የመረመረ ብሔራዊ ኮሚሽን ሪፖርት አወጣ። ከምክሮቹ መካከል አንዷ ጭቅጭቃችንን አበረደችልን። በወንጀል ፍትሕ ተቋማት መሥራት ለመምህርነት ግዴታም እንቅፋትም መሆን የለበትም ይላል። ይህን ያነበበችልን የኮሚቴው ታናሽ አባል ናት። እኛ ትልልቆቹ ዝም አልን። ታዲያ የሥራ ልምድ መለያ ካልሆነ መለያው ምንድን ነው?

አንድ ጥያቄ አዘጋጀን። ለሁሉም ተወዳዳሪ ያችኑ ጥያቄ ጠየቅን። «የማይፈልጉት የምርምር ውጤት የመጣብዎት መቼ ነው? ምን አደረጉ?»

ጥያቄዋ ከምትመስለው በላይ ከባድ ናት። የኛ ሙያ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ፊዚክስ የሚያጠና ሰው ኤሌክትሮንን ደብዳቤ ጽፎ አያስፈቅድም። እኛ ግን የምናጠናቸው ተቋማት በር ላይ ቆመን እናንኳኳለን። መረጃውን የሚሰጡን እነሱ ናቸው። ተማሪዎቻችንን ለልምምድ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሲመረቁም የሚቀጥሯቸው እነሱ ናቸው። እንግዲህ የሚያስከፋቸው ውጤት ሲገኝስ? በሩ ይዘጋል። ለዚያ ነው ብዙ የትምህርት ክፍል ሳይነገረው ራሱን ሳንሱር የሚያደርገው።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ ቦታ ነበር። ስሙ ይቅር። አንዲት ተማሪዬ ሰዎች ፍርድ ሳያገኙ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታሰሩ አጥንታ ጽሑፏን አስገባች። መረጃውን የፈቀደው ተቋም ቅር አለው። የያኔው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ጠርቶ «አራተኛውን ምዕራፍ ለዘብ አድርጊው» አላት። እኔ አማካሪዋ ነኝ፣ እዚያው ተቀምጫለሁ። ምንም አላልኩም። ምዕራፉ ለዘበ። ከሰላሳ አንድ ገጽ አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ቀረ። ልጅቷ ተመረቀች፣ ሦስተኛ ዲግሪዋን በሌላ ሙያ ሠራች። ሰበቡ ያ እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋትም። ተወዳዳሪዎቹን የጠየቅናቸውን ያችን ጥያቄ ኮሚቴው ፊት ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከየት እንደመጣች አሁን አወቃችሁ።

መልሶቹ ይለያያሉ። አንዱ ተወዳዳሪ «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ። በቅንነት ነው ያሉት፣ ያስፈራኝም ቅንነታቸው ነው። ሌላው ስላገኙት ሽልማት ነገሩን።

ፕሮፌሰሯ ስለ ራሳቸው ከመናገራቸው በፊት ስለ ሚኒያፖሊስ አወሩ። ሙያውን የምታውቁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ለሌሎቻችሁ ላውራው። በ1981 ሚኒያፖሊስ በተባለች የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ሚስቱን ወይም ፍቅረኛውን የመታን ሰው ፖሊስ ምን ቢያደርገው ይሻላል ተብሎ ሙከራ ተጀመረ። ፖሊሶቹ ባለ ሦስት ቀለም የቅጽ ጥራዝ ያዙ። ቤቱ ደርሰው ከላይ የመጣውን ቀለም ያያሉ። አንዱ ቀለም እሰር ይላል። አንዱ ለስምንት ሰዓት ከቤት አስወጣ ይላል። አንዱ ምከርና አስታርቅ ይላል። የፖሊሱ ስሜት እንዳይገባበት ነው ቀለሙ የወሰነው። 314 ጉዳዮች ተሰበሰቡ። በ1984 ውጤቱ ታተመ፦ የታሰሩት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ደግመው መቱ። ሀገሩ በዜናው ተንቀሳቀሰ። ብዙ ግዛቶች ማሰርን የሚያበረታታ፣ አንዳንዶቹም የሚያስገድድ ሕግ አወጡ።

ጥናቱን የመራው ላውረንስ ሸርማን ነው፣ ከሪቻርድ በርክ ጋር። እዚህ ላይ ቢቆም ስሙ በወርቅ ተጽፎ ይኖር ነበር። አልቆመም። ሙከራው በሌሎች ከተሞች ተደገመ፤ ሚልዎኪ ላይ የመራው እሱ ራሱ ነው። ውጤቱ ተዘበራረቀ። ሚልዎኪ ላይ ሥራ ያለው ሰው ሲታሰር ይታረማል፣ ሥራ አጥ የሆነው ግን ሲታሰር ጭራሽ ባሰበት። ሸርማን ወጥቶ የግዴታ እስር ሕጎች ይሰረዙ አለ። በራሱ ጥናት የተነሳ የወጡትን ሕጎች።

ፕሮፌሰሯ ይህን ተርከው ሲያበቁ ወደ ራሳቸው መጡ። ከማረሚያ ቤት ለሚወጡ ሰዎች የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ነድፈው ነበር። የራሳቸው ልጅ ማለት ነው፣ ዓመታት የደከሙበት። ከዚያ ሥልጠናውን ያገኙትንና ያላገኙትን አወዳደሩ። ተመልሶ በመታሰር በኩል ልዩነት የለም። ውጤቱን አሳተሙት። ገንዘብ ይሰጥ የነበረው አካል ቀጣዩን ዙር ሰረዘ።

«ይጸጸታሉ?» አልኳቸው።

«ገንዘቡን እፈልገው ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ብዙ አልተጨቃጨቀም።

አሁን እንግዶቻችን፣ በተለይ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ኃላፊዎች፣ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። ወዳጅ ነን። በርክሊ ላይ ያ ቮልመር የጀመረው ነገር በ1950 ራሱን የቻለ የወንጀል ጥናት ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። በ1976 ተዘጋ። ፖሊስን አጥብቀው የሚተቹ መምህራን ስለነበሩበት ትልቅ ፖለቲካ ተነሳ፣ መጨረሻው መዘጋት ሆነ። የመምህራኑን ሐሳብ በሙሉ አልጋራም። ግን ሲዘጋ ፖሊስ ያተረፈው ነገር አይታየኝም። ከእኛ ደስ የማይል ሪፖርት ሲመጣላችሁ ስልክ ከመዝጋታችሁ በፊት ደውሉልን። የት ጋ ተሳሳታችሁ በሉን። ተሳስተን ከሆነ እናርማለን። ካልተሳሳትን ደግሞ አብረን እናያለን።

መምህራን ባልደረቦቼ፣ ለእናንተም አለኝ። ኃላፊ ቀጠርን ብለን ሸክሙን ሁሉ አንድ ሰው ላይ እንዳንጭን። የኃላፊ ሥራ ግማሹ አሰልቺ ነው። የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ የማን ኮርስ ከማን ተጋጨ፣ የትርፍ ሰዓት አስተማሪ ክፍያ ለምን ዘገየ፣ ፕሪንተሩ ለምን ተበላሸ። ባለፈው ዓመት በተጠባባቂነት ስሠራ ከምርምር ይልቅ ስለ ቶነር ያወራሁ ይመስለኛል። ውጤት በሰዓቱ አስገቡ። ስብሰባ አትቅሩ። ይህን ካደረጋችሁላቸው ለትልቁ ነገር ጉልበት ይተርፋቸዋል።

ፕሮፌሰር፣ ለእርስዎ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የቢሮው ቁልፍ ነው። ሁለት ጊዜ ካላዞሩት አይከፍትም፣ አስለምነን ነው ያሠራነው። ሁለተኛው ይህ ፋይል ነው። ውስጡ ተማሪዎቻችንን ለልምምድ ከሚቀበሉ ተቋማት ጋር የተፈራረምናቸው ውሎች አሉ። ሦስቱ ዘንድሮ ይታደሳሉ። አንደኛው ውስጥ «ጥናቱ ከመታተሙ በፊት የተቋሙን ይሁንታ ማግኘት አለበት» የምትል አንቀጽ አለች። ባለፈው ጊዜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በእርሳስ አስምሬባታለሁ፣ ገጽ ሰባት ላይ ያገኟታል።

የመጀመሪያው የትምህርት ክፍል ስብሰባ ሐሙስ ነው። ውሎቹ አጀንዳ አንድ ላይ ተይዘዋል። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

መድረኩ የእርስዎ ነው።