ሁለት አምፑልና የካርድ ክፍል ወረፋ

የተከበራችሁ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ የፋርማሲ ኃላፊዎች፣ የድንገተኛ ክፍል ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ ሬዚደንቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ከባድ የአደጋ ጉዳትና የታካሚ ደህንነት፤ ጥናቶች ምን ይላሉ?» የሚል ነው። ሰፊ ርዕስ ነው፤ የቻልኩትን ያህል እነካካዋለሁ። ከወዲሁ ግን ልንገራችሁ፤ እዚህ የቆምኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። ደሙ እየፈሰሰ የመጣ ሰው የድንገተኛ ክፍልን በር ካለፈ በኋላ ስለሚባክኑት ደቂቃዎች ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሲኖትራኩ፣ ስለ አምቡላንሱ እጥረት ሌሎች ይናገሩ። ከበሩ ወዲህ ያለው የእኛ ነው፤ በማንም አናሳብብም።

ታሪኩን ከጃፓን ልጀምር። ኡታኮ ኦካሞቶ የምትባል ሐኪም ከባለቤቷ ከሾሱኬ ጋር ሆና ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት ትፈልግ ነበር። ያሳሰቧት በወሊድ ጊዜ ደም እየፈሰሳቸው የሚሞቱ እናቶች ነበሩ። ልጇን የሚይዝላት ስታጣ በጀርባዋ አዝላ ቤተ ሙከራ ትገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ትራኔክሳሚክ አሲድን አገኙ። ሥራውም ግልጽ ነው። ደም ሲረጋ ፋይብሪን የሚባል መረብ ይሠራል፤ ፕላዝሚን የሚባለው ደግሞ ያንን መረብ ይበጣጥሳል። ከባድ ጉዳት በደረሰበት ሰው ላይ ይህ መበጣጠስ ከልክ ያልፋል፤ የረጋው ደም እንደገና ይቀልጣል። ትራኔክሳሚክ አሲድ ፕላዝሚን መረቡ ላይ እንዳይጣበቅ ይከለክለዋል። ኦካሞቶ መድኃኒቱን በወላድ እናቶች ላይ እንሞክረው ብላ ሐኪሞችን ብትጠይቅ የሚሰማት አላገኘችም። 20,060 እናቶች የተሳተፉበት ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በወሊድ ደም ለሚፈሳቸው እናቶች እንደሚጠቅም አረጋገጠ። እሷ ግን በ2016 አርፋለች።

የእኛን ታካሚዎች የሚመለከተው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ክራሽ-2 ይባላል። ከለንደን የተመራ ቢሆንም የለንደን ሰዎች ጥናት አይደለም። በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች፣ 20,211 የአደጋ ጉዳተኞች ገብተውበታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሕንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኮሎምቢያና ከግብፅ ናቸው። እንደኛው የተጨናነቀ ድንገተኛ ክፍል፣ እንደኛው ሲቲ ስካን የሚበላሽበት ሆስፒታል ማለት ነው። መድኃኒቱን ካገኙት 14.5 በመቶ ሞቱ፤ ካላገኙት 16.0 በመቶ። «ልዩነቱ ትንሽ ነው» የሚል ካለ ቀጣዩን ቁጥር ይስማ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ከታከሙት መካከል በደም መፍሰስ የሞቱት መድኃኒቱን ካገኙት 5.3 በመቶ፣ ካላገኙት 7.7 በመቶ ናቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 4.4 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 3.1 በመቶ በደም መፍሰስ ሞቱ። ያው መድኃኒት፣ ያው መጠን ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2018 የ40,138 ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ ያየ ትንተና በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ።

አሁን እነዚያን 15 ደቂቃዎች በእኛ ግቢ እንያቸው።

ታካሚው በባጃጅ ወይም በፒክአፕ ይመጣል። ልብሱ በደም ርሷል፤ ላቡ ቀዝቅዟል፤ የልብ ምት 130፣ የላይኛው የደም ግፊት 80። ሬዚደንቱ አይቶት ወዲያው ይገባዋል፤ «ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ አንድ ግራም» ይላል። ከዚያስ? ማዘዣ ይጻፋል። አስታማሚው ማዘዣውን ይዞ ይወጣል። ፋርማሲ ሲደርስ «ካርድ ቁጥር የለውም» ይባላል። ወደ ካርድ ክፍል ይሄዳል፤ ወረፋ አለ። የታካሚውን ሙሉ ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ ይጠየቃል፤ አስታማሚው ግን መንገድ ላይ ያነሳው መንገደኛ ነው፤ ስሙን እንኳ አያውቅም። ካርዱ ይወጣል፤ ወደ ፋርማሲ ይመለሳል፤ ዋጋ ይተመናል፤ ወደ ገንዘብ ቤት ይላካል፤ ደረሰኝ ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ፋርማሲ ይቆማል። «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ ደግሞ አስፓልት ተሻግሮ ይሮጣል። አምፑሉን፣ ማለትም የመድኃኒቱን ትንሽ ብልቃጥ፣ ይዞ ሲመለስ ዘበኛው «መግቢያ ሰዓት አይደለም» ይለዋል። ይህን ሁሉ ሰዓት ይዛችሁ አስሉት። አራት ጊዜ 15 ደቂቃ አለቀ። ጥናት ያጠኑት ሰዎች የሰጡንን ጊዜ በደረሰኝ ለወጥነው!

ሕጉ እኮ ከእኛ ጋር ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው፣ ጤና ተቋምም የማከም ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። አሽከርካሪው ቢጠፋም፣ ታርጋው ባይታወቅም። ታዲያ ሁለት አምፑል ለመስጠት የመንገደኛ ኪስ የሚፈተሸው በየትኛው ሕግ ነው? ሥራ አስኪያጆች፣ ይህን ጥያቄ ለእናንተ ነው የማቀርበው። «ኦዲት ይይዘናል» የሚለውን መልስ ለዓመታት ሰምተናል። ኦዲተር የጎደለ አምፑል ይቆጥራል። የሞተውን ሰው ማን ቆጠረው? አምፑሉን አስቀድሞ ሰጥቶ ሞዴሉን ከሰጡ በኋላ መሙላት ይቻላል፤ ለእብድ ውሻ ክትባት፣ ለእባብ መርዝ ማርከሻ ስንቶቻችሁ አድርጋችሁታል! ለደም መፍሰስ ሲሆን ነው ሕጉ የሚጠብቀው?

አሰጣጡ ላይም ስህተት ስላለ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። አንድ አምፑል 500 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ግራም ማለት ሁለት አምፑል ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ይበጥበጥና በ10 ደቂቃ ይግባ። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚያወርደው የፈሳሽ ቱቦ ሲሰላ በደቂቃ 200 ጠብታ ነው፤ ይህ በዓይን አይቆጠርም። የቱቦውን መቆጣጠሪያ መንኮራኩር ሙሉ በሙሉ ክፈቱና ሰዓት ተመልከቱ። እጅ ጀርባ ላይ በገባ ቀጭን ሰማያዊ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ይህ ይከብዳል፤ ወፍራሙ አረንጓዴው ወይም ግራጫው ክንድ ላይ ይግባ። በሲሪንጅ በአንድ ጊዜ መግፋትም ግፊት ይጥላል። ከደም ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡ። ሁለተኛው ግራም በ500 ሚሊ ሊትር ለ8 ሰዓት ይሄዳል፤ በደቂቃ 21 ጠብታ ገደማ። የሚጠፋው ይህኛው ነው። ታካሚው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሲገፋ ከረጢቱ ይነቀላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም። ከረጢቱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ጻፉ።

ስለ ሰዓት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በእኛ አገር በተለይ የሚያጋጥም ችግር ነው። ሦስቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከአደጋው ነው፤ ሆስፒታል ከተደረሰበት አይደለም። አስታማሚው «ስምንት ሰዓት ላይ ተገጨ» ይላል፤ ሪፈር ወረቀቱ ላይ 8:00 ተብሎ ይጻፋል፤ ተቀባዩ ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበውና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተጎዳ ይመስለዋል። አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በትክክለኛው ስሌት አንድ ሰዓት አልፏል፤ በወረቀቱ ስሌት ሰባት። «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ መድኃኒቱ ይቀራል። በተቃራኒው ሲሳሳትም ጊዜው ላለፈበት ይሰጣል። ስለዚህ ሪፈር ወረቀት ላይ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉ። ቁጥሩን ብቻ የሚጽፍ ሰው የስድስት ሰዓት ስህተት እያስተላለፈ ነው።

ወደ ፈሳሹ ልለፍ። ቤተሰብ «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ሲባል ይረጋጋል፤ እኛም ሁለት ከረጢት ሰቅለን ግፊቱ 80 የነበረው 110 ሲሆን እንረጋጋለን። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሂዩስተን የወጣው ጥናት ጥይት ወይም ስለት አካላታቸውን የወጋቸውን 598 ሰዎች አየ። ወዲያው ፈሳሽ ከተሞላላቸው 62 በመቶ ተረፉ፤ ኦፕሬሽን ክፍል እስኪደርሱ ከተጠበቀላቸው 70 በመቶ። ምክንያቱ ይታወቃል። ግፊቱ በድንገት ሲወጣ የደም ሥሩን የዘጋው የረጋ ደም ይፈነቀላል። ሳላይኑ ደግሞ የቀረውን የደም ማርጊያ ንጥረ ነገር ያቀጥናል፤ ከመደርደሪያ የወረደ ቀዝቃዛ ከረጢት ሰውነትን ከ35 ዲግሪ በታች ይጎትታል፤ የቀዘቀዘ ደም ደግሞ በደንብ አይረጋም። ስለዚህ 250 ሚሊ ሊትር ስጡና የእጅ አንጓ ምት ዳስሱ። ምቱ ከተመለሰ፣ ታካሚው ከተናገረ፣ ፈሳሹን አቁሙና ደም አስመጡ። የጭንቅላት ጉዳት ያለበት ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ የእሱ የላይኛው ግፊት ከ110 በታች እንዲቆይ አትፍቀዱ። እርጥብ ልብስ ቀድዳችሁ አውጡ፤ ብርድ ልብስ ከአስታማሚ አትጠብቁ።

ስለ ዳሌ አጥንት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የተሰበረ ዳሌ ውስጥ ሊትሮች የሚሆን ደም ተደብቆ ይፈሳል። ውድ ቀበቶ ከሌለ የታጠፈ አንሶላ ይበቃል፤ ነጠላም ቢሆን ያገለግላል። ስህተቱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ብዙዎቻችን ቀበቶ በምንታጠቅበት፣ በዳሌው የላይኛው ጠርዝ ላይ እናስረዋለን፤ ይህ ስብራቱን ይከፍተዋል። ትክክለኛው ቦታ ወደ ታች፣ ከጭኑ ጎን የሚዳሰሰው ጉብታ ላይ ነው። ጉልበቶቹን አንድ ላይ እሰሩ። «ይንቀሳቀሳል ወይ?» ብላችሁ ዳሌውን እየገፋችሁ አትፈትሹ፤ አንዱ ተረኛ ገፍቶ ሌላው ሲደግመው የረጋው ደም ይለቃል።

የታካሚ ደህንነት ከተባለ የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጹም መነሳት አለበት። ስለ ቅጹ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት በስምንት ከተሞች ነው የተሠራው፤ ከታንዛኒያ ኢፋካራም አንዷ ነበረች። የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ቅጹ እኛም ዘንድ አለ። ለአደጋ ታካሚ ግን «አስቸኳይ ነው» ተብሎ ይዘለላል፤ ወይም ታካሚው ከወጣ በኋላ በአንድ ሰው ይሞላል። ጎዝ (ደም መምጠጫ ጨርቅ) ሆድ ውስጥ የመረሳቱ ዕድል በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይጨምራል። ደም ለማስቆም አምስት ጎዝ አጭቃችሁ ሆዱን ሳትዘጉ ከወጣችሁ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፉ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚከፍተው ሌላ ቡድን ሊሆን ይችላል።

የመጣሁበትን ልጨርስ። የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በየድንገተኛ ክፍሉ፣ ከመጀመሪያው አልጋ በክንድ ርቀት፣ አንድ ሣጥን ይቀመጥ። ቁልፍ አይኑረው፤ በቁጥር የታሸገ ፕላስቲክ ይበቃዋል። ውስጡ ለሦስት ታካሚ የሚሆን 12 አምፑል ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ሦስት ባለ 100 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ አረንጓዴና ግራጫ ካኑላ፣ ሲሪንጅ፣ ፕላስተርና ማርከር፣ የታጠፈ አንሶላ፣ ስፋቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ደም ማቆሚያ የእግርና የእጅ ማሰሪያ ከነመጠምዘዣው ይኑር። ከሣጥኑ ሲወጣ ማዘዣውን ነርሷ በኋላ ትጻፍ፤ ፋርማሲው በዚያው ፈረቃ ይተካ፤ ክፍያው ከታካሚው ወይም ከመድን ይጠየቅ። ሣጥኑን ለመክፈት ካርድ ቁጥር አይጠየቅም። የፋርማሲ ኃላፊዎች፣ የመረከቢያው ቅጽ በር ላይ አለ፤ ሲወጡ ይፈርሙበት። የመጀመሪያው ቆጠራ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀያየር ይደረግ።

አመሰግናለሁ።